ከቅዱሳኑ ኋላ ያለው እሳት

ካሣነሽ ክንዱ ከደብረ ታቦር በተነሣው ሚኒባስ ንፋስ መውጫ ስትደርስ ጥቅምት ተጋምሶ ነበር። ረዳቱ ሻንጣዋን ከጣሪያ አውርዶ እግሯ ሥር አስቀመጠላት። ልታነሣው ጎንበስ አለች፤ ቀኝ ትከሻዋ እምቢ አላት። በግራዋ ሞክራ ተወችው። ታናሽ ወንድሟ ይሁኔ በባጃጆቹ መካከል እየተሽሎከለከ መጣና ጉንጯን ደጋግሞ ሳማት፤ ሻንጣውንም ትከሻው ላይ ጣል አደረገው።

"አባባስ?" አለችው።

"አሉ። መንገዱ ሳይከፈት ይሞቱብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አሁንማ አንቺን ሳይቆጡ አይሞቱም።"

አባታቸው የኔታ ክንዱ ድጓን ከቤተ ልሔም፣ ቅኔን ከዋድላ ተምረው በወይራ አምባ ገብርኤል ወንበር ዘርግተው ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በክረምቱ መግቢያ ደግሞ ከደጃፋቸው ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ ከመደብ አልተነሡም። ይሁኔ በስልክ "ነይ" ካላት በኋላ መንገዱ በግጭቱ ምክንያት ሲዘጋና ሲከፈት ወራት አለፉ። እስኪከፈት የጠበቀችው አዲስ አበባ ውስጥ ቁጭ ብላ ነው፤ ሌላ የምትሠራው ሥራም አልነበራትም።

ካሣነሽ ሠዓሊ ናት፤ ሃያሲም ናት። ስሟን የሚያውቅ ሰው ግን የሚያውቃት በሁለተኛው ነው። ልጅ ሳለች የአባቷ ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት ተራ ይዘው ያደሩበትን ቅኔ ሲነግሩ ከግድግዳው ወዲያ እህል እየለቀመች ትሰማ ነበር። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና፣ "ቤቱ አልመታም" ይላሉ፤ ወይም "ይህ ገለባ ነው፤ ፍሬው የታለ?" ይላሉ። አልፎ አልፎ፣ ምናልባት በወር አንዴ፣ "ይበል!" ይላሉ። ያን ጊዜ ተማሪው ዓለምን የወረሰ ይመስለዋል። ካሣነሽ ግዕዙን በደንብ ባትረዳውም የትኛው ቅኔ "ይበል" እንደሚባል ከአባቷ ቀድማ ታውቅ ጀመር። እንዴት እንዳወቀች ግን ራሷም አታውቅም።

ንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህሯ የእንቁራሪት ሆድ ዕቃ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ያሥላት ነበር። ወደ አዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንድትፈተን የገፋፋት እሱ ነው። እዚያም ሁለት ዓመት ፊትና እጅ፣ ማሰሮና ወንበር ሣለች። አንድ ከሰዓት በኋላ የአንዲት ሞዴል ፊት አልሆን ብሏት ተናደደችና ጋዝ ውስጥ በነከረችው ጨርቅ ጠረገችው። ፊቱ ጠፍቶ ሸራው ላይ የቀረውን ቀለም ስታይ ቆመች። ከፊቱ ይልቅ የሴትዮዋን ድካም የሚያሳየው የተጠረገው ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ፊት አልሠራችም።

የመጀመሪያ አውደ ርእይዋን ስታሳይ ሸራዎቹ ከቁመቷ ይበልጡ ነበር። በመጥረጊያ፣ በጨርቅ፣ በእጇ መዳፍ የተሠሩ፣ ጥቁርና የተቃጠለ ቡኒ የሚበዛባቸው ረቂቅ ሥዕሎች ናቸው። ሰው ገብቶ፣ "ይህ ምንድን ነው?" ይላታል። "ሥዕል ነው" ትላለች። አንድም አልተሸጠም። በመጨረሻው ቀን ኤፍሬም የሚባል የጋዜጣ የባህል አምድ አዘጋጅ መጣና ሥዕሎቹን ትቶ እሷ ከጎብኚዎቹ ጋር ስትከራከር ሲያዳምጥ ቆየ።

"እንዲህ የምትናገሪውን ጻፊልኝ" አላት።

የሌላ ሰው አውደ ርእይ አይታ ጻፈች። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ። ነገሩ እንዲያ ተጀምሮ ዕድሜዋን በላው። በጋዜጣ፣ ኋላም በሬድዮ፣ የካሣነሽ ክንዱ ሂስ የሚፈራ ነገር ሆነ። እንደ አባቷ አጭር ነበረች። "ቀለሙ ያብለጨልጫል፤ ሥዕሉ ግን ተኝቷል" ብላ የጻፈችለት ሠዓሊ ለዓመታት ሲያያት መንገድ ተሻግሮ ያልፍ ነበር። እሑድ እሑድ በኪራይ ቤቷ ጓሮ በቆርቆሮ በከለለችው ክፍል የራሷን ትሥላለች። አግብታ ፈታለች፤ ልጅ የላትም። አውደ ርእይ ስታዘጋጅ ሠዓሊዎቹ ይመጣሉ፤ ወይኑን ጠጥተው፣ "በርቺ" ብለው ይሄዳሉ። ፈርተዋት ይሁን አክብረዋት፣ ወይም ሥዕሉ ምንም ሳይላቸው ቀርቶ ይሁን፣ አንድም ቀን ለይታ አላወቀችም።

ባለፈው ዓመት አንድ ጋለሪ የብዙ ዘመን ሥራዋን ሰብስቦ አሳየ። መቅደስ የምትባል ወጣት ሃያሲ፣ የካሣነሽን ጽሑፎች እያነበበች ያደገች፣ ስለ አውደ ርእዩ ጻፈች። "ካሣነሽ ክንዱ ማየትን አስተማረችን" ይላል ጽሑፉ፤ "ሥዕሎቿን እሷው ባስተማረችን ዓይን ስናያቸው ግን ብዙዎቹ አያልፉም።" ካሣነሽ ቆማ አነበበችው። በደንብ የተጻፈ ነው ብላ አሰበች። ራሷ ብትጽፈው ኖሮ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ትጽፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ትከሻዋን መታመም ጀመረች። ሐኪሙ ክንድሽን ከደረትሽ በላይ አታንሺ አላት። የቆርቆሮውን ክፍል ቆለፈችና ቁልፉን ለአከራይዋ ሰጠች።

አባቷ ሥዕሎቿን አንድ ጊዜ አይተዋል። ዓይናቸው ገና ሳይጠፋ፣ የወይራ አምባ ገብርኤል ጣሪያ ታድሶ አዲስ ሥዕል ሲፈለግለት፣ ጥምጥማቸውን አጥብቀው፣ መቋሚያቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ መጡ። በቆርቆሮው ክፍል ውስጥ ብዙ ቆዩ።

"ይህ ምንድን ነው?" አሏት።

"ሥዕል ነው።"

"ለቤተ ክርስቲያናችን ገብርኤልን ሣይልን። ልጄ ሠዓሊ ናት ብዬ ቃል ገብቼ መጥቻለሁ።"

"ፊት አልሠራም፣ አባባ።"

"ፊት በሌለው ነገር ፊት ማን ይጸልያል?" አሉና ወጡ። በማግስቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ይሁኔ ልጆች ያወራሉ፤ ሥዕል የሚባል ነገር ግን በመካከላቸው ተነሥቶ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያኑም ገበያ በሚሸጥ የታተመ የወረቀት ሥዕል ቆየ።

አሁን አባትና ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ሆኑ። የይሁኔ ሚስት አበራሽ አማቷን ስታነሣና ስታስተኛ ወገቧ ተቆርጦ ነበርና፣ "እትዬ ካሣ፣ አምላክ ነው የላከሽ" አለች። ካሣነሽ ግን በአንድ ክንድ ብዙም አልረዳቻትም። አባቷ ጎሕ ሳይቀድ የቃል ጸሎታቸውን ይጀምራሉ። ሲጨርሱ፣ "አገላብጡኝ" ይላሉ። ያገላብጧቸዋል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "መልሱኝ" ይላሉ። ገብሱ እየደረሰ ስለነበር ይሁኔ እርሻ ውሎ ይመጣና ሳይታጠብ እንቅልፍ ይወስደዋል። በዚያ ቤት ያልደከመ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ተስፋሁን መጡ። የኔታን ጠይቀው፣ ባርከው፣ ሲወጡ ካሣነሽን ከደጅ አቆሟት።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ቸግሮናል። ታኅሣሥ ገብርኤል እየደረሰ ነው። ከመካነ ኢየሱስ አንድ ልጅ አምጥተን ሥዕል እያሠራን ነው። ግማሹ ሰው ወደደው፤ ግማሹ ይባረር ይላል። እኛ ምን እናውቃለን? አንቺ በሬድዮ ስትፈርጂ እንሰማ ነበር። ነይና ፍረጂልን።"

"ትቼዋለሁ፣ መምሬ። ደክሞኛል።"

"ዓይንሽ ግን አልደከመም።"

ሄደች። ሥዕሉ የሚሠራው በቅጥሩ ውስጥ ባለው የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ሲያልቅ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሰፊ አቡጀዲ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ገብርኤል ሦስቱን ልጆች ከእቶን እሳት ሲያወጣ ነው ሥዕሉ። መልካሙ የሚባለው ወጣቱ ሠዓሊ ብሩሹን ይዞ ጥግ ላይ ቆመ። ከመምሬ ተስፋሁን ጋር የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ወርቁና ሌሎች ሽማግሌዎች ነበሩ። ካሣነሽ በሕይወቷ ፍርዷን በሠዓሊው ፊት ተናግራ አታውቅም። ሁልጊዜ ቤቷ ገብታ ነው የምትጽፈው፤ ሰውየውም ለብቻው ያነበዋል። አሁን የሚጽፉበት ጋዜጣ የለም። ልጁ ያያታል።

ሥዕሉን ዞረችው።

"ፊቶቹ ከወረቀት ሥዕል የተገለበጡ ናቸው" አለች። "ክንፉም እንደዚያው። አዲስ ነገር የላቸውም። እጆቹን ግን እዩ። የሦስቱን ልጆች እጆች። እነዚህን ከየትም አልገለበጠም፤ የሰው እጅ አይቶ ነው የሣለው። ይህ ጣቱን የጨበጠው ፈርቷል፤ ይህኛው ፍርሃቱ አልፎለታል። እጅ እንዲህ የሚሠራ ሰው አይባረርም።"

መልካሙ ቀና አለ።

"እሳቱ ግን ውሸት ነው" ብላ ቀጠለች። "የአበባ ቅጠል ነው እንጂ እሳት አይደለም። ከዚህ እሳት ለመውጣት መልአክ አያስፈልግም።"

አቶ ወርቁ ሳቁ። የልጁ ፊት ተለወጠ። ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ወረወረው።

"እሳቱን እርስዎ ይሥሩታ፣ እትዬ!" አለ። "መናገር ማን ያቅተዋል? ይሄው አቡጀዲው፣ ይሄው ቀለሙ! ይሥሩትና እንይ!"

"አንተ፣ አፍህን!" አሉ መምሬ ተስፋሁን።

ካሣነሽ አልተቆጣችም። በዚያ ሁሉ ዘመን ይህን ሊላት የሚገባው ብዙ ሰው ነበር፤ አንዱም አልደፈረም። "እውነቱን ነው" አለች። "መምሬ፣ ከፈቀዱልኝ እሳቱን እኔ እሠራዋለሁ። ፊት አልነካም።"

እንዲህ ሆኖ ካሣነሽ እንደገና ሥራ ጀመረች። ክንዷ ከደረቷ በላይ ስለማይነሣ ሸራው ወለል ላይ መሆኑ በጃት። በጉልበቷ ተንበርክካ ትሠራለች፤ አበራሽ የተቀደደ ብርድ ልብስ አጥፋ ጉልበቷ ሥር ታነጥፍላታለች። ልታነሣት ስትመጣም፣ "እትዬ ካሣ፣ በዚህ ዕድሜሽ ወለል ላይ መዳህ ምን አመጣው?" እያለች ነው። መልካሙ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አኩርፎ በር ላይ ተቀመጠ። ኋላ ግን ውኃ ማቅረብ፣ ጨርቅ መጭመቅ ጀመረ። ዘይት ቀለሙ ቶሎ አለቀ። ከባሕር ዳር ይምጣ ቢባል መንገዱ መልሶ ተዘግቷል። ንፋስ መውጫ ያለው የቤት ግድግዳ ነጭ ቀለምና ኮላ ብቻ ነበር። ካሣነሽ ከቅጥሩ ጀርባ ከተናደው ገደል ቀይ አፈር አስመጣች፤ ከየቤቱ ጥላሸት አስጠረገች። በኮላ በጥብጣ በመጥረጊያ አለበሰችው፤ ሲደርቅ በድንጋይ ፋቀችው፤ እንደገና አለበሰችው።

"ለምን ይፍቁታል? አምሮ አልነበር?" አላት መልካሙ።

"አምሮ ነበር። ለዚህ ነው የፋቅሁት።"

"አልገባኝም።"

"ለእኔም በደንብ አልገባኝም። ውኃውን አቀብለኝ።"

በአዲስ አበባው ክፍሏ ስትሠራ አንድ ድምፅ ሁልጊዜ ከጀርባዋ ቆሞ ይነቅፋት ነበር፤ የራሷ የሃያሲዋ ድምፅ። እዚህ ያ ድምፅ አልጠፋም፤ ግን እሷ ከመድከሟ የተነሣ መልስ አትሰጠውም። ክንዷ የምትችለውን ያህል ትሠራለች፤ ከዚያ ተደግፋ ትነሣለች። ማታ ማታ አባቷ፣ "የት ትውያለሽ?" ይሏታል። "ገብርኤል" ትላቸዋለች። "አገላብጡኝ" ይላሉ።

ሥራው አልቆ ሽማግሌዎቹ ሊያዩት መጡ። ቅዱሳኑ መልካሙ እንደሣላቸው ናቸው። ከኋላቸው ያለው ግን ማንም የጠበቀው አልነበረም። ዳር ዳሩ እንደ ተቆፈረ መሬት የቀላና የጠቆረ ነው። ወደ መካከል ሲመጣ ይረግባል፣ ይገረጣል፤ በልጆቹ ዙሪያ ሲደርስ አመድማ ነጭ ነገር ይሆናል። ነበልባል የሚባል ቅርጽ የለውም።

"እሳቱ የታለ?" አሉ አቶ ወርቁ።

"እሱ ነው" አለች ካሣነሽ።

"ይህማ ጭቃ ነው! ሕዝቡ ምን ይለናል? ለንግሥ የመጣ እንግዳስ? መምሬ፣ ይህ በሰማያዊ ቀለም ይሸፈንና ቅዱሳኑ ብቻ ይቅሩ።"

አንዳንዱ ደገፋቸው። መልካሙ፣ "ከነካችሁት የእኔንም አጥፉት" ብሎ ጮኸ። መምሬ ተስፋሁን ንግሡ ሳምንት ሲቀረው ጠብ አልፈለጉም። "ወደ የኔታ እንሂድ" አሉ። "ከእሳቸው በላይ ሊቅ የለንም። ያሉት ይሁን።"

"አባቷ አይደሉም እንዴ?" አሉ አቶ ወርቁ።

"አባቷማ ናቸው። ሲያዳሉ አይተህ ታውቃለህ?"



ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል ሁሉም በየኔታ ክንዱ መደብ ዙሪያ ተቀመጡ። የኔታ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ዓይናቸው ባያይም እንደ ጥንቱ ጨፍነውታል። ከዚያ፣ "ካሣ" አሉ።

"አቤት፣ አባባ።"

"ያን ጊዜ አዲስ አበባ ያሳየሽኝ ዓይነት ነው?"

"የዚያ ዘር ነው።"

"እንግዲያ ንገሪኝ። ምን ይመስላል?"

ካሣነሽ ስለ ሰው ሥዕል ስትናገር ቃል ጎድሏት አያውቅም። ስለ ራሷ ሥዕል ግን ከ"ሥዕል ነው" ያለፈ ነገር ተናግራ አታውቅም፤ ማብራራት ልመና ይመስላት ነበር። አበራሽ ከምድጃው ዞር ብላ አየቻት።

"ከዳር ትጀምራለህ እንበል" አለች ቀስ ብላ፤ ለማን እንደምትናገር የጠፋት ይመስል ነበር። "ዳሩ ቀይ ነው። ከገደሉ የመጣ አፈር ነው። ተቃጥሎ ያለቀ ነገር ይመስላል። እዚያ ብትቆም ትሞታለህ። ወደ ውስጥ ስትገባ ጥላሸቱ ይበዛል፤ ጭስ ነው። እዚያ ጋ ምንም አይታይም፤ እኔም ስሠራው ምንም አላየሁም። ከዚያ አልፈህ ልጆቹ ጋ ስትደርስ... ጉና ላይ በሐምሌ ጠዋት የሚወርደውን ጉም ያውቁታል፣ አባባ? ፊትን የሚያርሰውን። እንደሱ ነው። እሳቱ አለ፤ ግን ያርሳል እንጂ አያቃጥልም።" ቆመች። "ሌላ የምለው የለኝም።"

ተኝተው ይሆናል ብለው መምሬ ተስፋሁን ጎንበስ ሲሉ የኔታ ክንዱ ተናገሩ።

"ተስፋሁን፣ ገብርኤል እሳቱን አጠፋው ወይስ አቀዘቀዘው?"

"አቀዘቀዘው እንጂ፣ የኔታ። እሳቱማ ይነድ ነበር።"

"ወርቁ፣ ሰማህ?"

"ሰምቻለሁ፣ የኔታ። ግን ሰዉ..."

"እኔ አላየሁትም" አሉ የኔታ። "ላላየሁት 'ይበል' አልልም። ገለባም አልለውም። ተማሪ ቅኔው ሳይገባኝ ሲቀር አባርሬ አላውቅም፤ ዓመት አቆየዋለሁ። ዓመት ይቆይ። በዓመቱ ሕዝቡ ከጠላው አልብሱት። አሁን አገላብጡኝ።"

ካሣነሽና አበራሽ አገላበጧቸው። ሽማግሌዎቹ ወጡ። ካሣነሽ የአባቷን ትራስ እያስተካከለች ጥቂት ጠበቀች፤ ሌላ ነገር የሚሏት መስሏት ነበር። "ውኃ" አሏት። ሰጠቻቸው።

ሥዕሉ ተለጠፈ። ታኅሣሥ ገብርኤል ከላይ ጋይንት፣ ከእስቴም ጭምር ሰው መጥቶ ነገሠ። ሥዕሉን አይቶ የተገረመም ያጉረመረመም ነበር፤ አብዛኛው ግን ተሳልሞ አለፈ። ኤፍሬም ከአዲስ አበባ ደወለላት። ጡረታ ወጥቶ በኢንተርኔት አንድ ገጽ ይዟል። መልካሙ በስልኩ ያነሣውን ፎቶ ከማን እንዳገኘው እንጃ፣ አይቶታል።

"ካሣነሽ፣ ይህን ጻፊልኝ። በራስሽ እጅ። ሰዉ ያብዳል።"

"እንዴት እጽፈዋለሁ? የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ መቅደስ ትጻፈው። ልላካት?"

"መንገዱ ዝግ ነው" አለችው። እፎይ ብላም ስልኩን ዘጋች።

የኔታ ክንዱ በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ሳምንት አረፉ። ጠዋት ጸሎታቸውን ጀምረው ከመካከሉ ቆሙ። ካሣነሽ ረስተውት መስሏት ጠበቀች፤ ከዚያ እጃቸውን ያዘች። ከተማሪዎቻቸው መንገዱ የፈቀደላቸው መጥተው ሲያለቅሱ ሰነበቱ። ካሣነሽ ከሁሉም ያነሰ አለቀሰች። ከተዝካሩ በኋላ አዲስ አበባ ትመለሳለች ተብሎ ሲጠበቅ አልተመለሰችም፤ ይሁኔም አልጠየቃት። የመጣችበት ሻንጣ አባቷ ይተኙበት በነበረው መደብ ሥር ቀረ። ሽምብራ ስትለቅም፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ ክረምቱ ገብቶ ወጣ።

ታኅሣሥ ዞሮ መጣ። ካሣነሽ በዋዜማው ለመምሬ ተስፋሁን፣ "ዓመቱ ሞልቷል" አለቻቸው። "ሰማያዊውን ቀለም ገዝታችኋል?"

"የምን ሰማያዊ ቀለም?" አሏት። እውነትም ረስተውት ነበር። "ኧረ ተይው፣ ልጄ። ሰዉ ለመደው። ወርቁም አሁን ሲያስቀድስ እዚያው ፊት ለፊት ነው የሚቆም።"

"ወዶት?"

"እሱን አልጠየቅሁትም።"

ስለ ሥዕሏ ያገኘችው ፍርድ ይህ ነው፤ ለመደው። በጋዜጣ ዘመኗ ይህን ቃል ለማንም ጽፋ አታውቅም። ይሻላል ወይስ ይከፋል ብላ አላሰበችም። ደስታም አልመጣላትም፤ ትከሻዋ ላይ የነበረ አንድ ነገር ግን ቀለል ያለ መሰላት። ምናልባት ብርዱ ጋብ ብሎ ይሆናል።

በንግሡ ማግስት መልካሙ መጣ። ልብሱ አዲስ ነበር፤ ስልኩም አዲስ። ከሥዕሉ በኋላ ሥራ አላጣም።

"እትዬ፣ ስማዳ አንድ ደብር ሥዕል አዘውኛል" አላት። "እንደ ወይራ አምባው ያለ እሳት ይሁንልን አሉ። አብረን እንሂድ። መኪናው እስከ በሩ ያደርሳል፤ እርስዎ ቁጭ ብለው ያሳዩኝ፣ እኔ እሠራለሁ።"

ካሣነሽ ከአጥሩ ድንጋይ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ከአውድማው በኩል ይሁኔ በሬዎቹን ሲነዳ ይሰማል።

"አልሄድም" አለችው።

"ታመሙ?"

"አልታመምኩም። በቃኝ እንጂ።"

"እሺ፣ እንግዲያ ያንኑ አድርጌ እሠራዋለሁ። ቀይ አፈር፣ ጥላሸት፣ መሃሉ ላይ አመድማ። ሁሉንም አይቻለሁ።"

"አንተ!" አለች ቀና ብላ፤ ድምፅዋ የድሮው ሆነ። "የእኔን ከምትገለብጥ የወረቀት ሥዕሉን ገልብጥ። እሱ ቢያንስ አያታልልም።"

"ታዲያ ምን ልሥራ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ስማዳ ቆላ ነው፤ እሳቱም ሌላ ነው። እህል ከተሰበሰበ በኋላ ገለባ የሚያቃጥሉ ሰዎች አጠገብ ሂድና ቁጭ በል። ሲሞቅህ ትንሽ ቅረብ። ሲያቃጥልህ ሽሽ። ከዚያ ሣል።"

"ከጨረስኩ በኋላስ መጥተው ያዩልኛል?"

ወደ ስማዳ የሚወርደው መንገድ ረጅም ነው፤ ጉልበቷም ትከሻዋም ያውቁታል። ልጁ መልስ ሳያገኝ እንደማይሄድ ስታይ እጇን ዘርግታ እንዲያነሣት ምልክት ሰጠችው።

"በፎቶ አትላክልኝ" አለች እየተነሣች። "ሲያልቅ እመጣለሁ።"